የድባቴ ቀለም ምንድን ነው? ብርሃን፣ ቀለምና ስሜት በፎቶግራፍ ጥበብ



ያዘነን ሰው «ፊቱ ጠቆረ»፣ ተስፋ የራቀውን «ጨለመበት» እንላለን። ተማሪዎቻችንም ድባቴን በፎቶግራፍ ግለጹ ሲባሉ ይህንኑ አነጋገር ቃል በቃል ይከተላሉ፤ ቀለሙን ያደበዝዛሉ፣ ጥላውን ያጠቁራሉ። የዛሬው ንግግሬ ጥያቄ ይህ መንገድ ወደ ድባቴ ያደርሳል ወይ የሚል ነው።

ከላሊበላ እንጀምር። ከቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ወገን ባለው፣ የሲኦል ምሳሌ ተደርጎ በሚታየው ዋሻ ውስጥ ምእመናን ግድግዳውን እየዳሰሱ በድቅድቅ ጨለማ ያልፋሉ። ጨለማው ግን መውጫ አለው፤ የሚያልፈውም ሰው ይህን ያውቃል። በዚያ የተነሣ ምስል የቱንም ያህል ቢጠቁር የሚናገረው ስለ ተስፋ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ብራዚላዊው ሴባስቲያኦ ሳልጋዶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 በረሃቡ ዘመን፣ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር በነበረችው በኮረም ተፈናቃዮችን አነሣ። ከሩዋንዳው እልቂት በኋላ ግን በሰው ልጅ ላይ የነበረው እምነት ተሟጠጠ፣ ሰውነቱም ታመመ። ወደ አገሩ ተመልሶ ከባለቤቱ ከሌሊያ ጋር በተራቆተው የቤተሰቡ መሬት ላይ ዛፍ መትከል ያዘ። ወደ ካሜራው የመለሰውን «ጄኔሲስ» የተባለውን ሥራ ሲሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ከላሊበላ ተነሥቶ በእግሩ ወደ ስሜን ተራሮች ተጓዘ። የኮረሙም የስሜኑም ሥራ ጥቁርና ነጭ ነው። የቀለም አለመኖር ድባቴን የሚገልጽ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ አንድ ስሜት ይሰጡን ነበር። በመጀመሪያው ሐዘን ይቀርበናል፤ በሁለተኛው ዐይናችን የሚሄድበት ርቀት ያገኛል።

ደማቅ ቀለምም በራሱ ደስታ አይደለም። አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2018 በዳሎል ያነሣችው «ዋተር ላይፍ» በቀይና በሰማያዊ የደመቀ ነው፤ የሚያነሣው ግን ሴቶች ውኃ ፍለጋ የሚሸከሙትን ጫና ነው።

ታዲያ ድባቴ በምን ይታያል? ሕመሙን የሚያውቁ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚነግሩን ስለ ጨለማ ሳይሆን ስለ ጣዕም ማጣት ነው፤ ያስደስታቸው የነበረው ሁሉ አንድ ዓይነት ይሆንባቸዋል። የዚህ ምስላዊ አቻ ክረምት በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ የሚወርደው ጉም ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ባለው በዚያ ከፍታ ጉሙ ሲሸፍን ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም፤ ጥላ ይጠፋል፣ ቅርቡና ሩቁ ይመሳሰላል፣ ግራጫው ወደ ነጭም ወደ ጥቁርም ሳይደርስ ይቆማል። ድባቴን ለመግለጽ የሚሻ ፎቶ አንሺ ከጥቁረት ይልቅ ይህን የልዩነት መጥፋት ያጥና።

ይህ የሙያ ስልት ብቻ አይደለም። ጦርነቱ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በላስታ አልፏል፤ ከእናንተም ካሜራ ይዘው ወደዚያ የሚሄዱ ይኖራሉ። ልጃቸውን ያጡ እናት ፊት ላይ ያለው ሐዘን ነው፤ ሐዘን ስምና ምክንያት አለው፣ ለቀስተኛም አለው። ያንን ፊት በኮምፒውተር አጥቁረን «ድባቴ» የሚል ርእስ ብንሰጠው፣ በሐዘናቸው ላይ እርሳቸው ያልነገሩንን ሕመም መጫናችን ነው። ስለዚህ ቀለሙን ከመንካታችሁ በፊት ብርሃኑ ከየት ወገን እንደመጣባቸው ተመልከቱ፤ ከዚያም ስሜታቸውን ራሳቸውን ጠይቁ። መግለጽ የፈለጋችሁት የራሳችሁን ድባቴ ከሆነ ግን የራሳችሁን ፊት አንሡ።