የረድፍ ስፋትና የመኖ ሣር ዘር ምርት



ለከብት የተዘራ ሣርና ለዘር የተዘራ ሣር አያያዛቸው አንድ አይደለም። ከመጀመሪያው የሚፈለገው ቅጠል ሲሆን ከሁለተኛው የሚፈለገው የዳበረ ፍሬ የያዘ ዛላ ነው። ልዩነቱም የሚጀምረው ገና በዘር ጊዜ፣ ረድፍ ከረድፍ ምን ያህል ይራቅ ከሚለው ጥያቄ ነው።

ለዚህ ንግግር በምሳሌነት የተመረጠው የሮደስ ሣር ነው። በሴሲል ሮድስ ስም ይጠራ እንጂ የአፍሪካ ተወላጅ ነው፤ በኢትዮጵያም በዱር ይበቅላል። ፍሬው እጅግ ደቃቅ በመሆኑ አንድ ኪሎ ግራም ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠር ይገኛል።

ነገሩን በሒሳብ መጀመር ይበጃል። በአንድ ሄክታር መሬት ላይ ረድፎች በ25 ሳንቲ ሜትር ቢራራቁ የረድፎቹ ጠቅላላ ርዝመት 40,000 ሜትር ይሆናል፤ በ50 ቢራራቁ 20,000፣ በ100 ቢራራቁ ደግሞ 10,000 ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ በ100 ሳንቲ ሜትር የተዘራው እያንዳንዱ ሜትር በ25 የተዘራውን አራት እጥፍ ዘር ካልሰጠ፣ የሄክታሩ ምርት ወርዷል ማለት ነው። በሰፊ ረድፍ ላይ በዛላ ተሸፍኖ የቆመ ሣር ጎብኚን ይማርካል፤ ጎብኚው ግን የሚያየው ተክሉን እንጂ ሄክታሩን አይደለም።

መጠጋጋትም ልክ ሲያልፍ ዕዳ አለው። ከሥር የሚወጡት አገዳዎች ብርሃን ተሻምተው ብዙዎቹ ዛላ ሳያወጡ ይቀራሉ፤ የቀጠኑት በነፋስ ይጋደማሉ፤ ዝናብ ባጠረበት አገር እርጥበቱ ቶሎ ያልቃል። ከሁሉም የሚከፋው በረድፎቹ መካከል መኮትኮት አለመቻሉ ነው፤ ደቃቅ የአረም ፍሬ አንዴ ከሣሩ ዘር ጋር ከተቀላቀለ በወንፊት መለየቱ እጅግ አድካሚ ነውና።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የመድረሻ ጊዜ ነው። የሮደስ ሣር ዛላ ሁሉ ባንድ ጊዜ አይደርስም። ሰፊ ቦታ ያገኘ ተክል አገዳ በአገዳ ላይ ሲያከታትል፣ የፊተኛው ፍሬ ሲረግፍ የኋለኛው ገና ያብባል። ጠጋ ብሎ የተዘራ ማሳ ግን፣ አስቀድሞ በአንድነት ታጭዶ ናይትሮጂን ከተሰጠው፣ በተቀራረበ ጊዜ ይደርሳል። ማሳው ያፈራው ዘር ሁሉ ጎተራ እንደማይገባ የረገፈውን ያየ ያውቀዋል።

ደግሞም ይህ ሣር መሬት ለመሬት እየተሳበ ሥር ይሰዳል። በረድፎቹ መካከል ካልተኮተኮተ ክፍተቱ ይዘጋና በሁለተኛው ዓመት 25ም 50ም የተባለው አንድ ይመስላል። ስለዚህ በአንድ ዓመት ውጤት ብቻ የረድፍ ስፋት መወሰን አይገባም። አረም በእጅ በሚታረምበትና ዝናብ በማይበዛበት ማሳ 50 ሳንቲ ሜትር አካባቢ መጀመሪያ ሊሞከር የሚገባው ነው፤ እርጥበት በበቂ ሲኖርና መሬቱ ከአረም ሲጸዳ ማጥበብ ይቻላል።

ሙከራው ሲመዘን የዳር ረድፎች መለየት አለባቸው፤ ከጎናቸው ተሻሚ ስለሌለ አብዝተው ያፈራሉ። ሚዛኑም ብቻውን አይታመንም፤ የሮደስ ዘር ከባዶ ገለባ ጋር ተደባልቆ ይመዘናልና። በኪሎ የገዛ ገበሬ ገለባ ገዝቶ እንዳይዘራ፣ የሄክታሩ ምርት መነገር ያለበት በሚበቅለው ዘር መጠን ነው። አዲስ የታጨደ ዘር ለጊዜው ሊያንቀላፋ ስለሚችል የብቅለት ፈተናው ጥቂት ወራት ከቆየ በኋላ ይደገማል።