ከፉሪ ጣቢያ መዝገብ ፊት የተቀመጠች ተማሪ

 የዛሬው ዝግጅት ጂኦሎጂና ጂኦፊዚክስ ለሚማሩ ወጣቶች፣ ለወላጆቻቸውና ለመምህራኖቻቸው ነው። “ተመርቄ የት እገባለሁ?” የሚል ጥያቄ ከተማሪዎች ዘወትር ይደርሰኛል። መልሴ ከምረቃው በፊት ይጀምራል። ተማሪው ገና ዲግሪውን ሳይዝ ከአንድ ተመራማሪ ጎን ተቀምጦ፣ መልሱ በየትኛውም መማሪያ መጽሐፍ ያልተጻፈ ጥያቄ ይዞ መሥራት አለበት።

እንዲህ ያለ ጥያቄ እኛ አገር ሞልቷል። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ ተራራ አካባቢ ምድር ለወራት ስትንቀጠቀጥ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ የሚኖሩ ብዙ ሰዎች ሌሊት ከአልጋቸው ተነስተዋል። ከአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ፣ ፉሪ ተራራ ላይ፣ የዓለም አቀፍ መረብ አባል የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያ ጣቢያ አለ። መዝገቡ ክፍት ስለሆነ ኢንተርኔት ያገኘ ተማሪ በነጻ ያወርደዋል።

አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ መዝገቡን ከፈተች እንበል። መጀመሪያ የሚደርሰው ፒ የሚባለው ሞገድ ነው፤ በላይኛው የምድር ቅርፊት ውስጥ በሰከንድ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ኤስ የሚባለው በሰከንድ ሦስት ተኩል ገደማ እየተጓዘ ኋላ ይደርሳል። በሁለቱ መካከል ያለውን ሰከንድ በ8 ብታባዙት የመንቀጥቀጡን ርቀት በግምት ታገኛላችሁ። ከፈንታሌ የተነሳ መንቀጥቀጥ ፉሪ ላይ 16 ሰከንድ ያህል ልዩነት ያሳያል፤ 130 ኪሎ ሜትር አካባቢ ማለት ነው። ቦታውን በርቀት ብቻ ለመለየት ደግሞ ቢያንስ የሌሎች ሁለት ጣቢያዎች መዝገብ ያስፈልጋል።

ስሌቱ ቀላል ነው። የሚከብደው መዝገቡን ማንበብ ነው። የኤስ መነሻ በፒ ጅራት ውስጥ ይደበቃል፤ ነፋስና የከባድ መኪና ንዝረትም ይቀላቀልበታል። አንድ ሰከንድ ብትሳሳት 8 ኪሎ ሜትር ሳተች። 8 ኪሎ ሜትር ደግሞ መንቀጥቀጡን ከፈንታሌ እሳተ ገሞራ ሥር አውጥቶ ሌላ ስንጥቅ ላይ ሊያስቀምጠው ይችላል። የከሰም ግድብ በዚያው አካባቢ መሆኑን ላስታውሳችሁ።

የአማካሪ መምህሯ ሥራ እዚህ ላይ ነው። “ኤስን ለምን እዚህ አደረግሽው?” ብሎ ይጠይቃታል። “የሰሜን-ደቡቡን እንቅስቃሴ የያዘውን መዝገብ አይተሻል? ኤስ ከአቀባዊው ይልቅ በአግድሙ ይጎላል።” ተመልሳ ታያለች፤ አንዳንዱን ታርማለች፣ አንዳንዱን በማስረጃ ትሟገትለታለች። መምህሯን በማስረጃ የተሟገተች ዕለት ሳይንቲስት መሆን ጀምራለች ብዬ አምናለሁ። ይህን የትኛውም ፈተና አይሰጣትም።

መንቀጥቀጥ ብቻ አይደለም። በመስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ስንጥቅ ቅልጥ አለት ሲሞላው፣ ምድር እስከ 8 ሜትር መከፈቷ የታወቀው በራዳር ሳተላይት ምስል ነው። በ2006 ዓ.ም. ወደ ህዋ መምጠቅ የጀመሩት የሴንቲነል አንድ ሳተላይቶች ምስሎች ደግሞ ለማንም ሰው በነጻ ክፍት ናቸው። መረጃው አለ፤ የሚጎድለው አብሮ የሚቀመጥ ሰው ነው።

አሜሪካኖች ይህንን ነገር ሥርዓት አበጅተውለታል። ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽናቸው በፈረንጆች 1987 በጀመረው መርሐ ግብር የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ክረምቱን፣ ብዙውን ጊዜ ለ10 ሳምንት ያህል፣ እየተከፈላቸው በምርምር ያሳልፋሉ። ክፍያው ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ ክረምቱን ሠርቶ ቤተሰቡን ማገዝ ያለበት ልጅ ያለ ክፍያ ምርምር ውስጥ ሊቆይ አይችልም። አሜሪካ ያላችሁ አድማጮች፣ ልጆቻችሁ ዜጎች ወይም የቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ያላቸው ከሆኑ ማመልከት ይችላሉ። በፈረንጆች 1996 ኮሎራዶ ውስጥ የተጀመረው ሶርስ የተባለ የከባቢ አየር ሳይንስ መርሐ ግብር ደግሞ ለአንድ ተማሪ ከአንድ በላይ አማካሪ ይመድባል፦ አንዱ ለሳይንሱ፣ አንዱ ለጽሑፉ፣ አንዱ ለኮምፒውተሩ። የጽሑፍ አማካሪ ለመመደብ የእኛ ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ በጀት አያሻቸውም፤ ነገ ቢጀምሩት ደስታዬ ነው።

ወደ ሥራው ስንመጣ፣ የከርሰ ምድር ውሃ የሚያስቆፍር ድርጅትም ሆነ እንደ አሉቶ ላንጋኖ ያለ የእንፋሎት ኃይል ፕሮጀክት የሚፈልገው የተዘበራረቀ መረጃ ይዞ የማይደናገጥ ሰው ነው። ተማሪዋ ለሁለተኛ ዲግሪ ስታመለክትም “ጎበዝ ናት፣ ውጤቷ ጥሩ ነው” የሚል ደብዳቤ ብዙ ርቀት አይወስዳትም። “ይህንን ችግር ሰጥቻት፣ መጀመሪያ እንዲህ አነበበችው፣ ስህተቷን ራሷ አግኝታ እንዲህ አረመችው” የሚል ደብዳቤ ግን መጻፍ የሚችለው አብሯት የሠራ መምህር ብቻ ነው።

ለተማሪዎች፦ የመመረቂያ ጥናት የሚሰጥበትን የመጨረሻ ዓመት አትጠብቁ። መምህራችሁ ካሳተሙት ጽሑፍ አንዱን አንብባችሁ፣ ያልገባችሁን አንድ ካርታ ወይም ግራፍ ይዛችሁ ቢሯቸው ሂዱ። ለመምህራን ደግሞ፦ በሳምንት አንድ ሰዓት መድቡላቸው፤ ሥራቸው ለኅትመት ሲበቃም ስማቸውን ከስማችሁ ጋር ጻፉት።