መዝገብ ሞተር አያስነሣም
(በአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



«የሒሳብ ሠራተኛዋን ጄኔሬተር ምን አገባት?» እንዳትሉኝ። ጄኔሬተሩ በመዝገባችን ቋሚ ንብረት ነው፤ በየዓመቱም የእርጅና ቅናሽ ይያዝለታል። ነገር ግን ነሐሴ ላይ የዩኒፎርም ትእዛዝ በተደራረበበት ቀን መብራት ጠፍቶ እሱም አልነሣ ካለ፣ መዝገቡ የስፌት መኪና አያዞርልንም። የሰፊዎቻችን የዕለት ገቢ ይቀራል፤ የጥገናውም ወጪ ከመዋጯችን ይወጣል።

ለወራት የቆመን የቤንዚን ሞተር ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ውስጡ የቀረው ቤንዚን ነው። ቤንዚን ሲቆይ ቀላሉ ይተንና የቀረው እንደ ሙጫ ሆኖ የካርቡሬተሩን ቀጫጭን ቀዳዳዎች ይደፍናል። ስለዚህ መስከረም ላይ ሥራው ሲያበቃ፣ ወደ መጋዘን ከማስገባታችን በፊት እንዲህ እናድርግ።

አንደኛ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ፣ ከእሳት ርቀን፣ በሰልባትዮው ያለውን ቤንዚን እናውጣ። ሳይቆይ ለሞተር ሳይክል ወይም ለባጃጅ ይዋል።

ሁለተኛ፣ ደጅ ላይ አስነሥተን የቀረችው ቤንዚን አልቃ በራሱ እስኪጠፋ እንተወው። ከካርቡሬተሩ ሥር ያለውን ብሎን ፈተን ጠብታውንም እናውርድ። ቤት ውስጥ ፈጽሞ አይነሣ፤ ጭሱ በተዘጋ ቤት እንደሚጤስ ከሰል ሰው ይገድላል።

ሦስተኛ፣ ሞተሩ ለብ እንዳለ ዘይቱን እንቀይር። ያገለገለ ዘይት እርጥበትና አሲድ ስላለበት ውስጡን ይበላዋል።

አራተኛ፣ ሲበርድ ካንዴላውን ፈተን በቀዳዳው አንድ የሻይ ማንኪያ ንጹሕ ዘይት እንጨምር። የማስነሻ ገመዱን ሁለት ሦስት ጊዜ ቀስ ብለን ስበን ካንዴላውን እንመልስ። በመጨረሻ ገመዱ ጠንከር እስኪል ስበን እንተወው፤ ያን ጊዜ ቫልቮቹ ስለሚዘጉ እርጥበት አይገባም።

ባትሪ ካለው የነጌቲቩን ገመድ እንንቀል፤ ባትሪውንም አልፎ አልፎ ቻርጅ እናድርገው። ከዚያ ደረቅ ቦታ ላይ ሸፍነን እናስቀምጠው፤ አይጥ ሽቦ ስለምትቆርጥ በየጊዜው እንየው።

ለዚህ ሥራ ሁለት አባላት እንድንመድብ፣ የዘይትና የካንዴላ ወጪም በዓመቱ በጀት እንዲያዝ ሐሳብ አቀርባለሁ። በጄኔሬተሩ ላይ ካርድ ይንጠልጠል፤ የተቀመጠበት ቀን፣ ዘይቱ የተቀየረበት ቀንና የሠራችው አባል ፊርማ ይጻፍበት። በንብረት ቆጠራ ጊዜ «አለ» ከሚለው አጠገብ «ይሠራል» ብለን ለመፈረም የምንችለው ያን ጊዜ ነው። ደጋፊዎቻችንም ከእኛ የሚጠብቁት ይህንኑ ነው።