የባትሪዬ ነገር

(በምሩቃን ማኅበራችን የእራት ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለ ሙያሽ ሳይሆን ከሥራ ውጪ ስለምትወጂው ነገር አውሪን» ሲሉኝ ትንሽ አፈርኩ። ከእኔ በፊት የተናገሩት አንዱ ስለ ቡና እርሻው፣ ሌላዋ ስለ ሥዕሏ ነው የነገሩን። የኔ ግን ባትሪ ነው። አዎ፣ የእጅ ባትሪ። ቤቴ ውስጥ ሠላሳ አንድ አሉ። ባለቤቴ «ሠላሳ ሁለተኛው ሲገባ እኔ እወጣለሁ» ስላለኝ፣ ሠላሳ ሁለተኛው ለጊዜው ክሊኒክ ነው የሚያድረው።

ያደግኩት ካዛንቺስ ነው። ኢንቺስ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ የነበረው የጣልያን ተቋም ምሕጻረ ቃል ነው፤ «ካዛ ኢንቺስ» ሲባል ሲባል ካዛንቺስ ሆኖ ቀረ። በልጅነቴ ቤታችን የነበረው ባትሪ አንድ ብቻ ነው። ብርማ ቆርቆሮ፣ ሁለት ትልልቅ ድንጋይ የሚጎርስ፣ ከኋላ ክዳኑ ውስጥ መለዋወጫ አምፖል የተሸጎጠበት። ጥር 15 ቀን እናቴ ቂርቆስን ለማንገሥ በሌሊት ስትነሣ፣ ከፊት ከፊት እየሄዱ መንገድ ማብራት የኔ ሥራ ነበር። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፤ ለአንድ ምሽት ነፍስ ይዘራል። ያኔ ተአምር ይመስለኝ ነበር። ኋላ ኬሚስትሪ ስንማር፣ ሙቀት የቀረችውን ጥቂት ጉልበት አፋጥኖ እንደሚያወጣት ገባኝ።

ከሁሉ የምወደው ግን ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ ባትሪውን ጣቶቼ ላይ ለጥፎ ማብራት ነው። ጣቶቼ ፍም ይመስላሉ። እናቴ ደሞ «ተይ ድንጋዩን አትጨርሺ!» ትላለች። ቀይ የሚሆነው ደማችን አረንጓዴውንና ሰማያዊውን ብርሃን ውጦ ቀዩን ስለሚያሳልፍ ነው። ጃፓናዊው መሐንዲስ ታኩኦ አኦያጊ በ1974 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው የፐልስ ኦክሲሜትር ሐሳብም ከዚሁ ብዙ አይርቅም። እያንዳንዳችን በሕፃንነታችን ብርድ ልብስ ሥር ኦክሲሜትር ሞክረናል ማለት ነው።

አሁን ብዙም የማላወራውን ልንገራችሁ። ኢንተርን ሳለሁ፣ አንድ ሌሊት፣ የሦስት ቀን ሕፃን አየሁ። ክፍሉ ውስጥ የነበረው አንድ ደብዛዛ ቢጫ አምፖል ነው። አገላብጬ አየሁትና ካርዱ ላይ «ቢጫነት የለውም» ብዬ ጻፍኩ። ሲነጋ እናትየው ልጇን ታቅፋ መስኮት ዳር ቆማ ጠራችኝ። «ዶክተር፣ ነይ እስቲ እዪው፤ ይኼ ልጅ ቀለሙ ልክ ነው?» አለችኝ። በፀሐይ ብርሃን ከግንባሩ እስከ ሆዱ ቢጫ ነበር። ወዲያው ፎቶቴራፒ ተጀመረለት፤ ልጁም ተረፈ። ያ ቢሊሩቢን ወደ አንጎል ቢደርስ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። በቢጫ ብርሃን ውስጥ ቢጫ ነገር እንደሚደበቅ በመጽሐፍ አንብቤ ነበር እኮ። ያንን ሌሊት ግን አላስታወስኩትም። የባከኑት ሰዓታት የኔ ናቸው፤ በማንም ላይ አላላክካቸውም።

ከዚያ በኋላ ነው ስለ ብርሃን ቀለም ማንበብ የጀመርኩት። መጀመሪያ ከፍርሃት ነበር፤ ቀስ በቀስ ወደ ፍቅር ተለወጠ። ዛሬ ባትሪ ስገዛ የማየው ጉልበቱን ብቻ አይደለም። ቀለምን ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ የሚነግር መለኪያ አለ፤ የፀሐይ ብርሃን 100 ነው። ርካሹ ነጭ ኤልኢዲ 70 አካባቢ ሲሆን፣ ቀዩን በደንብ ስለማያሳይ የሰው ቆዳ አመድ የነካው ይመስላል። ከ90 በላይ የሆነው ግን ከንፈርን ከንፈር፣ ጉሮሮን ጉሮሮ አድርጎ ያሳያል። እርግጥ የትኛውም ባትሪ የመስኮት ብርሃንንና የላቦራቶሪ ውጤትን አይተካም።

መርካቶ ሄዳችሁ ለምትገዙ አንድ ምክር ልጣል። 18650 የሚባለው ሊቲየም ድንጋይ ስሙ ልኩ ነው፤ ውፍረቱ 18፣ ቁመቱ 65 ሚሊ ሜትር ነው። እውነተኛው የሚይዘው ከ4,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ብዙም አያልፍም። ላዩ ላይ 9,900 የሚል ካያችሁ ውሸት ነው፤ አስቀምጡት። ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ኪስ ውስጥም አትክተቱት፤ እሳት ያስነሣል።

ሐኪም ከሆንኩ በኋላም የኖርኩት እዚያው ካዛንቺስ፣ የእናቴ ግቢ ነው። የመንደራችን ዘበኛ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው ሰው ነበሩ። አምሽቼ ስገባ ከጠባቧ መንገድ ጫፍ ባትሪያቸውን ሁለት ጊዜ ብልጭ ያደርጋሉ፤ «አይቼሻለሁ፣ ነይ» ማለታቸው ነው። እኔም ሁለት ጊዜ እመልሳለሁ። በ2011 ዓ.ም. ግንቦት የመብራት ፈረቃ ሲመጣ ደግሞ መንደሩ በሙሉ ባትሪ ሊዋስ እኔ ቤት መጣ። «ለዚህ ሁሉ ባትሪ ገንዘቧን ትጨርሳለች» ሲሉኝ የነበሩት እትዬዎች ናቸው ቀድመው የተሰለፉት!

አንድ ነገር ብቻ አይሳካልኝም ነበር። የባትሪ ርቀት የሚለካው ብርሃኑ ወደ 0.25 ሉክስ እስከሚወርድበት ቦታ ድረስ ነው፤ ይኸውም በጠራ ሰማይ የሙሉ ጨረቃን ብርሃን ያህላል። 10,000 ካንዴላ ያላት ባትሪ 200 ሜትር ትደርሳለች። እኛ መንደር ግን ብርሃኑ አሥራ አምስት እርምጃ ሳይሄድ የጎረቤት ቆርቆሮ አጥር ላይ ይፈጠፈጣል።

በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ሰፈራችን ተነሣ። ከተማ ማደስ አያስፈልግም አልልም፤ የጋራ መጸዳጃ ቤታችንን የማውቀው እኔ ነኝ። ከወራት በኋላ አንድ ማታ ከሥራ ስመለስ መኪናዬን አቁሜ ግቢያችን የነበረበትን ፈለግኩ። ምልክት የሚሆን ነገር አልቀረም። ባትሪዬን አውጥቼ አበራሁ። ብርሃኑ ሄደ፣ ሄደ፣ የሚያቆመው አጥር የለም። ለዓመታት ልለካው የፈለግኩትን 200 ሜትር ያን ቀን አየሁት። ደስ አላለኝም። ሁለት ጊዜ ብልጭ አደረግኩ፤ የሚመልስ አልነበረም። ቆሜ አለቀስኩ።

ከዚያ ጋሼን ፈልጌ አገኘኋቸው። ከተማ ዳር፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ናቸው። ጥሩ ባትሪ ይዤላቸው ሄድኩ። አገላብጠው አዩትና «ልጄ፣ እዚህ የምጠብቀው ምን አለ?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ሲመሽ ተሰናብቼ ወደ መኪናዬ ስሄድ ግን ከበረንዳው ሁለት ጊዜ ብልጭ አለ። እኔም መለስኩ። አሁን በወር አንዴ እሄዳለሁ።

ወዳጆቼ፣ በዚህ ዕድሜያችን አንድ ነገር መውደድ የልጅ ሥራ የሚመስላችሁ ካላችሁ አትፈሩት። እኔን በየሌሊቱ ተረኛነት ሳልመረር ያቆየኝ ደመወዙ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። ከበር ስወጣ ኪሴ ውስጥ የምነካካው ትንሽ ነገር ስላለ ነው።

ለመምህሮቻችንና ለማኅበሩ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። በየዓመቱ ለተመራቂዎች እስክሪብቶ እንሰጣለን። ከዘንድሮ ጀምሮ ቀለምን በትክክል የምታሳይ ትንሽ የኪስ ባትሪ እንስጣቸው። ስንሰጣቸውም «ቢጫ አምፖል ሥር ያየኸውን ሕፃን ሲነጋ መስኮት ዳር ደግመህ እየው፤ እናትየው ስትጠራህም ሂድ» እንበላቸው።

የመጀመሪያዋን እኔ እሰጣለሁ፤ ክሊኒክ የምታድረዋን። ባለቤቴም ደስ ይለዋል።