ብዙ ገንዘብ የምናወጣበት ነገር ደስ ያሰኘናልን?



በዛሬው ንግግሬ ላነሣው ያሰብሁት የገንዘብ ነገር ነው። «ቆጥቡ» ለማለት ግን አይደለም፤ ይህን ለእኛ ለደመወዝተኞች መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ጥያቄዬ ሌላ ነው፤ በዕድሜያችን ከምናወጣው ወጪ ሁሉ ትልቁን የወሰደው ነገር ያን ያህል ደስታ አስገኝቶልናልን?

በአዲስ አበባ ለሚኖር የመንግሥት ሠራተኛ ትልቁ ወጪ ቤት መሆኑን የሚክድ ያለ አይመስለኝም። እኔም ብዙ ዓመት ስቆጥብ ቆይቼ የጋራ መኖሪያ ቤት ዕጣ ወጣልኝ። የደረሰኝ 20/80 በሚባለው መርሐ ግብር፣ ማለት ከዋጋው 20 በመቶውን ገዢው ቆጥቦ የቀረውን 80 በመቶ ከባንክ በሚበደርበት ደንብ ነበር። ስሜ የወጣ ዕለት በአራት ኪሎ ከተከራየናት ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ደጃፍ ላይ የሰፈሩ ሴቶች እልልታውን አቀለጡት። ከዚያም ዕቃችንን ጭነን ወደ የካ አባዶ ሄድን።

የመጀመሪያዎቹን ወራት ደስታ አልክድም። ባለቤቴ ወለሉን በቀን ሁለት ጊዜ ትወለውለው ነበር። ነገር ግን ዘመን መለወጫ ሳይደርስ ወለሉም ወለል፣ ግድግዳውም ግድግዳ ብቻ ሆነ። ያልተለመደን መንገዱ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ወጥቼ ለአውቶቡስ እሰለፋለሁ፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት እመለሳለሁ፤ ትንሹን ልጄን ስወጣም ስገባም ተኝቶ አገኘዋለሁ። ከእኛ ጋር የምትኖረው እናቴ ደግሞ ጉልበቷ ከአራተኛ ፎቅ መውረድ ስለማይፈቅድላት መስኮት ላይ ትውላለች። አንድ ማታ «ልጄ፤ ቤቱስ ደግ ነው፤ ሰው አጣሁበት እንጂ» አለችኝ። ይህን ቃል ይዤ ብዙ ሌሊት አደርሁ።

የዕጣን ነገር ሊቃውንትም መርምረውታል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1978 የታተመ አንድ ጥናት በአሜሪካ፣ በኢሊኖይ ግዛት፣ ሎተሪ የደረሳቸውን 22 ሰዎች ካልደረሳቸው ጋር ቢያመዛዝን፣ ባለ ዕጣዎቹ ከሌሎቹ ጎልተው ደስተኞች ሆነው አልተገኙም። እንዲያውም ከወዳጅ ጋር በመጨዋወትና ቁርስ በመብላት የሚያገኙት ደስታ ከሌሎቹ ያነሰ ነበር። 22 ሰው ጠይቆ ይህን ያህል መናገር ድፍረት ነው የሚል ቢኖር አልቃወመውም። በ2020 የወጣው የስዊድን ጥናት እጅግ ብዙ ባለ ሎተሪዎችን ከ5 እስከ 22 ዓመት ካለፈ በኋላ ጠይቆ፣ ብዙ ገንዘብ የደረሳቸው በኑሯቸው ይበልጥ እንደሚረኩ አረጋግጧል። በደስታ ስሜታቸው ላይ የታየው ለውጥ ግን ያነሰ ነበር።

እኔ ራሴን ያገኘሁት በዚህ ልዩነት ውስጥ ነው። «በኑሮህ ረክተሃል ወይ?» ቢሉኝ፣ አከራይ ዋጋ ጨመረ አልጨመረ የሚለው ሥጋት ቀርቶልኛልና፣ አዎን እላለሁ። «የትናንቱ ቀንህ ደስ ይል ነበር ወይ?» ቢሉኝ ግን መልሴ ሌላ ነው።

በ2004 በአሜሪካ፣ በቴክሳስ፣ 909 ሠራተኛ ሴቶች ያለፈውን ቀናቸውን በየሥራው ከፍለው ስሜታቸውን እንዲናገሩ ተጠይቀው ነበር። ከሁሉ የከፋ ሆኖ ከተገኘው አንዱ ጠዋት ወደ ሥራ መጓዝ ሲሆን፣ ደስ ከሚያሰኙት መካከል ከሥራ በኋላ ከሰው ጋር መጫወት ነበር። በ2008 በጀርመን አገር መረጃ ላይ የታተመ ጥናትም የሥራ መንገዳቸው የረዘመባቸው ሰዎች በኑሯቸው ያላቸው እርካታ የቀነሰ መሆኑን አሳይቷል። ቤቱ ቢሰፋም ሆነ ደመወዙ ቢጨምር የመንገዱን ድካም ሙሉ በሙሉ አልካሰላቸውም ማለት ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ይመስለኛል። ቤት ስንመርጥ የምንቈጥረው ክፍሉንና ካሬ ሜትሩን ነው፤ ሰዓቱንና ጎረቤቱን በሒሳብ አናስገባም። ወለል ደግሞ ቆሞ ስለሚጠብቀን ቶሎ እንለምደዋለን። ሰልፍ ግን በየቀኑ ሌላ ነው፤ አንድ ቀን ዝናብ፣ አንድ ቀን ግፊያ ይዞ ይመጣልና ሊለመድ አይችልም። የሰው ጨዋታም በየቀኑ ሌላ ነው፤ ስለዚህ አይሰለችም።

ቤቱን አከራይተን ወደ ቀድሞው ሰፈር እንመለስ ብዬ ነበር። ባለቤቴ እምቢ አለች። የአከራይን ፊት ያየችው እርሷ ናትና፣ ተሳስተሻል ለማለት አልደፈርሁም። ጉዳዩ ገና አልተቋጨም። ለሶፋ መግዣ የተጠራቀመውን የዕቁብ ገንዘብ ግን ወስጄ፣ በየእሑዱ ታክሲ በኮንትራት ይዤ እናቴን አራት ኪሎ ማድረስ ጀመርሁ። ከፎቁ ስትወርድ ትንሹ ልጄ ምርኩዟን ይይዝላታል፤ ከቀድሞ ጎረቤቶቿ ጋር ሦስተኛው ቡና እስኪወርድ ትቈያለች።

ባለቤቴ ስለ ሶፋው ሁለት ሳምንት አኵርፋ ሰነበተች። በሦስተኛው እሑድ ነጠላዋን ለብሳ ታክሲው ውስጥ ቀድማን ተቀምጣ አገኘናት። የሶፋውን ነገር ግን እስካሁን አልረሳችውም።