በጾም ወቅት ኢንሱሊን

እሱ፦ ግላርጂን የተባለው ኢንሱሊን 24 ሰዓት ያህል ስለሚሠራ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይወሰዳል። በጾም ግን «ካልበላሁ ለምን እወጋለሁ?» የሚሉ አሉ።

እሷ፦ እኔን የሚያስፈራኝም ይኸው ነው! ጉበት እኮ ባንበላም ስኳር ይለቃል። በተለይ ዓይነት 1 የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ኢንሱሊኑን በገዛ ፈቃዱ ቢያቋርጥ ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ጾሙ ሳይገባ ሐኪሙን ያማክር።

እሱ፦ ኤንፒኤች የተባለውን ኢንሱሊን እናቶቻችን በመዳፋቸው እያንከባለሉ ያዋህዱታል፤ ግላርጂንስ?

እሷ፦ ኤንፒኤች ወተት መሳይ ስለሆነ መዋሃድ አለበት። ግላርጂን እንደ ውሃ የጠራ ነው፤ ከደፈረሰ አይወጋም፣ ከሌላ ኢንሱሊን ጋርም አይቀላቀልም።

እሱ፦ የጾመው ሰው ስኳሩ ወርዶ ላብ ላብ ሲለው፣ እጁ ሲንቀጠቀጥስ?

እሷ፦ ጾምም ቢሆን ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ይጠጣ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ስኳሩን ይለካ። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አትስጡት፤ ቶሎ ጤና ተቋም አድርሱት።