ልጆች ለማኅበራቸው ስለሚሸጡት ዳቦ ቆሎ

ክቡር አንባቢ ሆይ፤

እርስዎ በነቀምቴ ከተማ በቡርቃ ጃቶ ቤት ያለዎት የመንግሥት ሠራተኛ ይሁኑ፣ ወይም በጊምቢ፣ በሻምቡና በደምቢ ዶሎ ካሉት ጽሕፈት ቤቶች በአንዱ የሚያገለግሉ ይሁኑ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንዲት ልጅ ደጅዎን ብታንኳኳና በትንሽ ላስቲክ የታሰረ ዳቦ ቆሎ ብታሳይዎት እንግዳ ነገር አይሆንብዎትም። ልጅቱ «ለሰንበት ትምህርት ቤታችን መዘምራን ልብስ ማሠሪያ ነው» ትል ይሆናል፤ ወይም «ለትምህርት ቤታችን የቀይ መስቀል ክበብ ነው» ትል ይሆናል። የዛሬው ንግግሬ ስለዚህች ልጅና ስለ እርስዎ ነው። እርስዎንም መጨመሬ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ልጅቱ ከዚህ ሥራ የምትማረው ነገር አብዛኛው የሚወሰነው ማኅበሩ ባወጣው ደንብ ሳይሆን በገዢውና በወላጁ ጠባይ ነውና።

ልጆች በማኅበር ተደራጅተው በገዛ እጃቸው የጋገሩትን እየሸጡ ለማኅበራቸው ገንዘብ ማግኘታቸው ከሁሉ ይልቅ ስም ያወጣው በአሜሪካ አገር ነው። በዚያ አገር ጁሊየት ጎርደን ሎው የተባሉት ወይዘሮ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1912 ዓ.ም. በሳቫና ከተማ 18 ልጃገረዶችን ሰብስበው የሴቶች ስካውት ማኅበርን መሠረቱ። ከ5 ዓመት በኋላ፣ በ1917 ዓ.ም.፣ በኦክላሆማ ክፍለ ሀገር በመስኮጊ ከተማ የነበሩ ልጃገረዶች ብስኩት ጋግረው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምግብ አዳራሽ ሸጡ። በ1922 ዓ.ም. ደግሞ ፍሎረንስ ኒል የተባሉ በቺካጎ ከተማ የማኅበሩ ኃላፊ የብስኩቱን አሠራር ከነሒሳቡ በማኅበሩ መጽሔት አሳተሙ። በሒሳቡ መሠረት ከ6 እስከ 7 ደርዘን ለሚሆን ብስኩት የሚገባው ጥሬ ዕቃ ከ26 እስከ 36 ሳንቲም ይፈጃል፤ አንዱ ደርዘን ደግሞ በ25 ወይም በ30 ሳንቲም ይሸጣል። እንግዲህ 6ቱ ደርዘን በ25 ሳንቲም ሒሳብ ቢሸጥ 1 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይገኛል፤ የወጪው ከፍተኛ፣ 36ቱ ሳንቲም፣ ቢነሣለት 1 ዶላር ከ14 ሳንቲም ይተርፋል ማለት ነው። ትርፉ መልካም ነው። ነገር ግን ሒሳቡ የተሠራው በጥሬ ዕቃው ብቻ ነውና የእናቲቱ ምድጃ፣ ማገዶና ድካም በውስጡ አልተቆጠሩም። ይህን ነገር አንባቢው ልብ ብሎ ይያዝልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ እጅግ ሰፋ። በ1930ዎቹ ዓመታት መጋገሩ ከየቤቱ ወጥቶ ወደ ፋብሪካ ሄደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ስኳር፣ ዱቄትና ቅቤ ስላነሰ ልጃገረዶቹ በ1944 ዓ.ም. በብስኩት ፈንታ የቀን መቁጠሪያ ሸጡ። ዛሬ በየዓመቱ የሚሸጠው ብስኩት ወደ 200 ሚሊዮን ፓኮ ይጠጋል ይባላል። ይሁን እንጂ የዛሬይቱ አሜሪካዊት ልጅ ሻጭ ብቻ ናት፤ ዱቄቱን አትነካውም። በዚህ በኩል የእኛ ልጆች የተሻለ ዕድል አላቸው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የእንግሊዝ ስካውቶች ደግሞ ሌላ ዘዴ ነበራቸው። ከ1949 ዓ.ም. ጀምሮ በፋሲካ ሰሞን ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ «ሥራ አለ ወይ?» ብለው ይጠይቁ ነበር። ጫማ ጠርገው ወይም አትክልት ኮትኩተው ለአንዱ ሥራ አንድ ሽልንግ ይቀበላሉ፤ ገንዘቡም ለማኅበሩ ይገባል።

በእኛ አገር ልጅ በቡድን ሆኖ ደጅ መምታቱ ከውጭ የመጣ ልማድ አይደለም። በቡሄ ሰሞን ሆያ ሆዬ የሚሉት ወንዶች ልጆች፣ በእንቁጣጣሽም አበባየሆሽ የሚሉት ልጃገረዶች ዜማቸውን ሰጥተው ሙልሙል ወይም ገንዘብ ይቀበላሉ፤ በመጨረሻም አንድ ጥግ ተቀምጠው ያገኙትን ይካፈላሉ። ክፍፍሉ ላይ የሚነሣውን ክርክር ያየ ሰው፣ ልጆች የሒሳብ ምርመራ የሚያስተምራቸው እንደማያስፈልግ ይረዳል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመንም በትምህርት ቤቶች የስካውት ቡድኖች ነበሩ፤ ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ግን እንደ ቀድሞው ሊቀጥሉ አልቻሉም። ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በትምህርት ቤቶች ክበባት አሉት። አብያተ ክርስቲያናትም የሕፃናትና የወጣቶች ጉባኤ አላቸው። ስለዚህ ማኅበር አልጠፋም። የጎደለው ገንዘብ ነው።

ዳቦ ቆሎን የመረጥሁት በምክንያት ነው። ኬክ በማግሥቱ ይደርቃል፤ ጩኮ ቅቤ ይፈልጋል፣ ቅቤም ውድ ነው። ዳቦ ቆሎ ግን የስንዴ ዱቄት፣ ጨው፣ ጥቂት ዘይትና ውኃ ብቻ ይበቃዋል፤ የወደደ በርበሬ፣ የወደደም ስኳር ይጨምርበታል። ሊጡ ጠንከር ተደርጎ ይታሻል፤ እንደ ገመድ ይድቦለቦላል፤ የሽምብራ ፍሬ በሚያህል መጠን ይቆረጣል፤ ከዚያም በምጣድ ላይ ሳያቋርጡ እያማሰሉ ይቆላል። ማሸቱንና መቁረጡን ልጆች በደቦ ሲሠሩት ጨዋታ ነው፤ ምጣዱ ዘንድ ግን ትልቅ ሰው ይቁም። በወለጋ ክረምቱ ረዥም፣ አየሩም እርጥብ ስለሆነ በደንብ ያልበሰለ ዳቦ ቆሎ ይሻግታል፤ በደንብ የበሰለውም በሚገባ ካልታሸገ ይለሰልሳል። የለሰለሰ ዳቦ ቆሎ አንድ ጊዜ የገዛ ሰው ደግሞ አይገዛም። ይህንንም ልጆቹ ከመምህር ቃል ይልቅ ከገዢው ፊት ይማሩታል።

አሁን ቅድም ወዳልሁት ሒሳብ ልመለስ። ቡድኑ ለዱቄት፣ ለዘይትና ለላስቲክ 500 ብር አውጥቶ 800 ብር ሸጠ እንበል። ልጆቹ «300 ብር አተረፍን» ብለው ይደሰታሉ። ነገር ግን ከሰሉን ያቀረበችው የአንዷ ልጅ እናት ናት፤ እስከ ምሽትም ምጣድ ላይ የቆመችው እርስዋ ናት። ከሰሉ 100 ብር ቢያወጣ ትርፉ 200 ብር ነው፤ የእናቲቱ ድካም ደግሞ ገና አልተከፈለም። እርስዋ ገንዘብ አልጠየቀችም፤ በደስታ ነው የሰጠችው። ቢሆንም በመዝገቡ ላይ «ከሰል፣ 100 ብር፣ ከወይዘሮ እገሊት የተሰጠ» ተብሎ ይጻፍ። ነፃ የመሰለው ነገር ሁሉ የአንድ ሰው ድካም እንደሆነ በ10 ዓመቱ የተረዳ ልጅ አድጎ መዝገብ ቤት ቢቀመጥ የመንግሥትን ንብረት በሌላ ዓይን ያየዋል የሚል እምነት አለኝ።

ክቡር አንባቢ ሆይ፤ ከዚህ በታች የምናገረው በቀጥታ እኛን የመንግሥት ሠራተኞችን የሚመለከት ነው።

አንድ አባት የመምሪያ ኃላፊ ነው እንበል። ለልጁ ከማኅበሩ 40 ላስቲክ ዳቦ ቆሎ ደርሶታል። አባት «ልጄ ለምን ይንከራተት» ብሎ ካርቶኑን ማለዳ ወደ ቢሮ ይዞት ይሄድና በጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጠዋል። የምሳ ሰዓት ሳይደርስ ካርቶኑ ባዶ ሆኗል። የሒሳብ ሹሙ 5 ገዝቷል፤ ጸሐፊዋ 2 ገዝታለች፤ ተላላኪውና የጥበቃ ሠራተኛውም አንዳንድ ወስደዋል። የሌሎቹ ገንዘብ በቴሌብር ገብቷል። ከእነዚህ ሰዎች መካከል ዳቦ ቆሎ አምሮት የገዛው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ሁሉም ግን የዕረፍት ፈቃዳቸውን የሚፈርመው ማን እንደሆነ ያውቃሉ።

አባትዬው ክፉ ሰው አይደለም። ልጁን ይወዳል፤ ገንዘቡም ለበጎ ሥራ ነው የሚውለው። ተላላኪው ግን ያን ቀን የከፈለው ከልጆቹ ዳቦ ላይ ቀንሶ ሊሆን ይችላል፤ አለቃውም ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ ምክንያቱም ተላላኪው ፈገግ ብሎ ነው የከፈለው። የአሜሪካ መንግሥት የሠራተኞች የሥነ ምግባር ደንብ ይህን ጉዳይ ቀድሞ አስቦበታል፤ አንድ ሠራተኛ በግሉ ለበጎ አድራጎት ገንዘብ እንዲያሰባስብ ሲፈቅድለት፣ ከበታቹ ያለውን ሠራተኛ ግን ራሱ ቀርቦ እንዳይጠይቅ ይከለክለዋል። እኛም በየቢሯችን ይህን ለማድረግ መመሪያ እስኪወርድ መጠበቅ የለብንም።

በልጁ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ደግሞ ሌላ ነው። በዚያው ቡድን ውስጥ እናቷ በጉሊት ሽንኩርት የምትሸጥ ልጅ አለች እንበል። ለእርስዋም 40 ላስቲክ ተሰጥቷታል። ሦስት ቅዳሜ ከቤት ወደ ቤት ዞረች። አንዱ በኦሮምኛ ዋጋውን ሲጠይቃት በኦሮምኛ፣ ሌላው በአማርኛ ሲጠይቃት በአማርኛ መለሰች፤ ውሻ አባረራት፤ አንዲት አሮጊት መርቀዋት ሳይገዙ ሸኟት። በመጨረሻ 23 ሸጠች። እሑድ በጉባኤው ፊት የሻጮች ስም ሲነበብ የኃላፊው ልጅ 40 ሸጠ ተብሎ ይጨበጨብለታል፤ እርስዋ 23 ተብላ ትቀመጣለች። ልጁ አንድም ደጅ አልመታም። እርስዋ ግን ብዙ ነገር አውቃ ነበር፤ በዚያች አንዲት ጭብጨባ ያወቀችው ሁሉ ከንቱ መስሎ ይታያታል። ስለዚህ የማኅበራት ኃላፊዎች የእያንዳንዱን ልጅ ሽያጭ በአደባባይ ማንበብን ትተው የቡድኑን ድምር ብቻ ቢያነቡ መልካም ነው። ማመስገን ካስፈለገም ልጆቹ የረገጡት ደጅ ይቆጠር።

«መዋጮ ከሆነ ለምን ከደመወዝ አይቆረጥም?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እርግጥ ነው፣ ከደመወዝ መስጠትን እናውቃለን። የታላቁ ሕዳሴ ግድብ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ከተጣለ በኋላ የመንግሥት ሠራተኞች የወር ደመወዛቸውን ለቦንድ ሰጥተዋል፤ ተማሪዎችም እንደ አቅማቸው አዋጥተዋል፤ ግድቡም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ለእንዲህ ያለው ታላቅ ሥራ የደመወዝ መዝገብ ተገቢ መሣሪያ ነው። የመዘምራን ልብስ ግን ግድብ አይደለም። ልብሱ በቶሎ እንዲገዛ ብቻ ከሆነ የሚፈለገው፣ አሥር አባቶች በአንድ ምሽት አዋጥተው ሊገዙት ይችላሉ። ልጆቹ እንዲሸጡ የተደረገው ሰው ፊት ቆሞ መናገርን፣ ገንዘብ መቁጠርንና እንቢታን መቀበልን እንዲለምዱ ነው።

እንግዲህ ልጅቱ ደጅዎን ስትመታ ለምን እንደምትሸጥ ይጠይቋት፤ መልሱን ራሷ ትናገር። ገንዘቡን በጥሬው ሰጥተዋት እንደሆነ መልሱን እስክትቆጥር ይታገሷት፤ ብትሳሳት «እስቲ ደግመሽ ቁጠሪው» ይበሏት እንጂ ከእጇ ነጥቀው አይቁጠሩላት። መግዛት ካልፈለጉ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ዛሬ አልገዛም» ማለት በቂ ነው፤ ይህ ነውር የለበትም። ነገር ግን «ነገ ተመለሺ» አይበሏት። ይህ ቃል በየቢሯችን ለባለጉዳይ ስንናገረው የኖርነው ነውና፣ ቢያንስ ከቤታችን ደጅ እንዳይደርስ ብናደርገው ይሻላል።

የሚሸጡበት ስፍራም ሊታሰብበት ይገባል። በመናኸሪያው ዙሪያ ቆሎና ዳቦ ቆሎ በሰፌድ ይዛ የምትቀመጥ ሴት የዕለት ጉርሷን የምታገኘው ከዚያ ነው። ንጹሕ ልብስ የለበሱ 15 ልጆች ፊት ለፊቷ ተሰልፈው ያንኑ ዕቃ ቢሸጡ፣ የመዘምራኑ ልብስ የሚሠራው በእርስዋ እራት ነው። ቡድኑ በየሠፈሩ ይሽጥ፤ መናኸሪያውን ለእርስዋ ይተውላት።

ከዚሁ ጋር፣ ማስቲካ ይዞ ወይም የጫማ መጥረጊያ ሣጥን ተሸክሞ የሚዞረውን ልጅ ከእነዚህ ልጆች ጋር አንድ አድርጎ መቁጠር ስሕተት ነው። የማኅበሩ ልጅ ባይሸጥም እራቱን ይበላል፤ ያኛው ግን ላይበላ ይችላል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናትን ከጉልበት ብዝበዛ ይጠብቃቸዋል፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። የማኅበር ሽያጭ ቅጥር አይደለም፤ ሆኖም ኃላፊዎቹ ልክ ካላበጁለት መልኩን ሊለውጥ ይችላል። ለልጅ «ይህን ያህል ሳትሸጥ እንዳትመለስ» ማለት፣ ያልሸጠውንም ከወላጁ ኪስ ማስከፈል ፈጽሞ አይገባም። ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው፣ በሚያውቁት ሠፈር፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይሂዱ፤ የሚዞሩበትንም መንገድ ወላጆች አስቀድመው ይወቁት።

ሽያጩ ባለቀ በሳምንቱ ልጆቹ ራሳቸው በጻፉት አንድ ወረቀት ላይ የዱቄቱ፣ የዘይቱ፣ የላስቲኩና የከሰሉ ዋጋ፣ ተሽጦ የተገኘው ገንዘብና ሳይሸጥ የቀረው ብዛት ይስፈርና የጉባኤው ቤት በር ላይ ይለጠፍ። የገዛ ሁሉ ሲያልፍ ያነብበዋል። ሳይሸጥ የቀረው ዳቦ ቆሎ ለጋገሩት ልጆች እኩል ይከፋፈል፤ በላስቲኩ ግርጌ የቀረውም ደቃቅ ምጣዱ ላይ ለቆመችው እናት የቡና ቁርስ ይሁናት።